ማታ ማታ የሚንሸራተተው 10 ሜጋኸርዝ፦ ከሐዋሳ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

መነሻ ጥያቄ

በሐዋሳ ከተማ፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ይዤ እኖራለሁ፤ ትንሿን ክፍል የሰጠሁት ለጊዜና ለፍሪኩዌንሲ መለኪያ መሣሪያዎቼ ነው። መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ከጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚያገኘው የሰከንድ ምት ራሱን እያረመ 10 ሜጋኸርዝ የሚያወጣ፣ በውስጡም በሙቀት ሣጥን የተዘጋ ክሪስታል ኦሲሌተር ያለው ያገለገለ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ከቴሌኮም ጣቢያ የወጣ የሩቢዲየም ስታንዳርድ፣ ማለትም በሩቢዲየም አተሞች እየተመራ 10 ሜጋኸርዝ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ፍሪኩዌንሲ የሚለካ አሮጌ ካውንተር ነው፤ ቆጣሪ ብዬ ያልጻፍኩት አንባቢ የመብራት ቆጣሪ እንዳይመስለው ነው። የከተማችን የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኞች የራሳቸውን ካውንተር ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ከእኔ 10 ሜጋኸርዝ ጋር አስተያይተው ይመለሳሉ፤ ገንዘብ አልቀበልም። ስለዚህ የእኔ መሣሪያ ከተሳሳተ የብዙ ሰው ሥራ ይሳሳታል።

ችግሩ እንዲህ ነው። የሩቢዲየሙንና የጂፒኤሱን ሞገድ በአንድ ኦሲሎስኮፕ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ቀኑን ሙሉ እንደተጣበቁ ይውላሉ። የ10 ሜጋኸርዝ አንድ ዑደት 100 ናኖሰከንድ ስለሆነ፣ አንዱ ሞገድ ከሌላው አንድ ሙሉ ዑደት ለመራቅ የሚፈጅበትን ጊዜ በመቁጠር ብቻ ልዩነታቸውን ማወቅ ይቻላል። በአንዳንድ ምሽቶች ግን ከ1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ አንድ ዑደት በ50 ሰከንድ ውስጥ ያልፋል፤ ይህም ከአንድ ቢሊዮን 2 እጅ ስሕተት ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይረጋጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይንሸራተትና እንደገና ይረጋጋል። እኔ የጠረጠርኩት ከፀሐይ ግባት በኋላ የሚረበሸውን አዮኖስፌር (የሳተላይቱ ምልክት የሚያልፍበትን፣ ኤሌክትሪክ ያዘለውን የላይኛውን አየር) ወይም የክሪስታሉን እርጅና ነበር፤ የኦሲሌተሩን ማኅተም ከፍቼ የማስተካከያውን ቪቴ ላዞር ስለተዘጋጀሁ፣ ወደየት እንደማዞር የሚነግረኝ ሰው ፈለግሁ።

የውይይቱ ክር ስለረዘመና ዘግይተው የገቡ ሰዎች መጨረሻውን ብቻ አንብበው ቪቴ ማዞር ስለጀመሩ፣ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአዳማ፣ ለብዙ ዓመታት በቴሌኮም ጣቢያዎች ጥገና ከሠሩ ሰው ነው። ከሰላምታ ቀጥሎ የለመኑኝ ቪቴውን እንዳልነካ ነበር። ቪቴው የሚያገለግለው ክሪስታሉ በዕድሜ ብዛት በጣም ርቆ፣ ጂፒኤሱ ክሪስታሉን የሚያርምበት ቮልቴጅ ከዳር ደርሶ የሚሄድበት ሲያጣ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። በዚያ ላይ አንድ የሞባይል ጣቢያ የሚጠበቅበት የፍሪኩዌንሲ ትክክለኛነት ከአንድ ቢሊዮን 50 እጅ ስለሆነ፣ እኔ ያሳሰበኝ ስሕተት ከዚያ 25 ጊዜ ያንሳል፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከአገልግሎት የሚወጣው ጣቢያው በአዲስ ሲተካ እንጂ ስለተበላሸ አይደለም ሲሉ አጽናኑኝ። የማረሚያውን ቮልቴጅ በየደቂቃው እንድመዘግብም ጠየቁ።

ምላሽ 2፣ 3 እና 4

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳያመነታ ስሕተቴን አሳየኝ። ሁለት መሣሪያዎችን ብቻ እያስተያየሁ ጥፋተኛው ጂፒኤሱ ነው ማለቴ መሠረት እንደሌለው፣ ሩቢዲየሙም ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ ሦስቱን ሁለት ሁለት እያደረግን ስናስተያይ፣ በሁለቱ ጥንዶች ላይ የሚታየውና በሦስተኛው ጥንድ ላይ የማይታየው ዝላይ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። በ3ኛው ምላሽ ላይ ሌላ ሰው የካውንተሩ የራሱ ኦሲሌተር ለዚህ እንደሚበቃ ጨመሩ፤ ነገር ግን በጀርባው ያለው የውስጥና የውጭ ማጣቀሻ መቀየሪያ ወደ ውስጥ መዞሩን እንዳረጋግጥ አስጠነቀቁ፤ አለዚያ ካውንተሩ ጂፒኤሱን በራሱ በጂፒኤሱ ይለካና ሁልጊዜ ደህና ነው ይላል። በ4ኛው ላይ ውጤቱን አቀረብኩ። የካውንተሩ ኦሲሌተር ቀስ እያለ የሚሄድ ቢሆንም ዝላይ የለውም፤ ሩቢዲየሙም እንዲሁ። የሚዘለው ጂፒኤሱ ነው። ተማሪው የጠየቀው ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ይህን እንደ እውቀት ሳይሆን እንደ ግምት ይዤው እቀር ነበር።

ምላሽ 5

የፊዚክስ መምህር የሆኑ ጸሐፊ የአዮኖስፌሩን ጥርጣሬ በቁም ነገር ተቀበሉት። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር ውስጥ የሚፈጠሩት የፕላዝማ አረፋዎች የሳተላይቱን ምልክት ሲያርገበግቡት እኛ ከብዙዎች ይበልጥ እናየዋለን። ይሁን እንጂ ይህ የሚበረታው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ እንጂ እኔ በጻፍኩበት በታኅሣሥ እንዳልሆነ አሳሰቡ። ምክንያቱ አዮኖስፌር ከሆነ ደግሞ የበርካታ ሳተላይቶች የምልክት ጥንካሬ በአንድ ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ መታየት አለበት፤ ይህን ሳልመዘግብ ሰማዩን መክሰስ አይገባኝም። ጥርጣሬዬን ደግፈው ጀምረው፣ በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ከእጄ ወሰዱት።

ምላሽ 6

በውጭ አገር የሚኖር አንድ ወገናችን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አዮኖስፌሩ ጸጥ ብሎ ማደር አለበት የሚል ትንታኔ አቀረበ። የእኔን 1 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦት ኖሯል። ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ፣ ሁላችንም መዝገባችንን በዓለም አቀፉ ጊዜ እንድንይዝ ሐሳብ አቀረበ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 16፡00 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ አድርጌአለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ለአንባቢ እንዲቀል በእኛ ሰዓት እቀጥላለሁ።

ምላሽ 7

ይህን ምላሽ እኔ ከክሩ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ የመጨረሻው መልስ የተገኘው በዚህ መንገድ ስለሆነ። ጸሐፊው አንቴናዬ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መቀመጡን አንብበው፣ ከቆርቆሮው የሚነጥረው ምልክት ከቀጥተኛው ጋር እየተደባለቀ ሊያሳስት እንደሚችል ተናገሩ። ከዚያም ጥርጣሬው የሚፈተንበትን ዘዴ ሰጡ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ዙሪያቸውን የሚፈጽሙት በከዋክብት ቀን እንጂ በፀሐይ ቀን ስላልሆነ፣ አንድ ሳተላይት ዛሬ በነበረበት የሰማይ ቦታ ላይ ነገ የሚገኘው ከ4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። ስለዚህ ችግሩ ከንጥርት የመጣ ከሆነ በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ በወር ውስጥ 2 ሰዓት ይሸሻል። ከሙቀት ወይም ከአዮኖስፌር የመጣ ከሆነ ግን ፀሐይን ተከትሎ በሰዓቱ ይቆያል። ብልሽቱ የማንን የቀን መቁጠሪያ እንደሚከተል ሳይታወቅ መሣሪያ መክፈት ጊዜ ማባከን ነው አሉ።

ስለ ኬብሉም ብዙ አስተማሩን። በየቤቱ ለዲሽ የምንጠቀምበት ባለ 75 ኦኸም ኬብል ለጂፒኤስ አንቴና ያለ ችግር ያገለግላል። በውስጡ የሚሄደው ምልክት በአንድ ሜትር ከ4 እስከ 5 ናኖሰከንድ ስለሚዘገይ የእኔ 25 ሜትር ኬብል የሰከንዱን ምት ከ100 ናኖሰከንድ በላይ ያዘገየዋል፤ ይህ መዘግየት ግን የማይለወጥ ስለሆነ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም። ማየት ያለብኝ ለአንቴናው በኬብሉ የሚላከው 5 ቮልት መድረሱንና የውጪው ማገናኛ ውኃ አለማስገባቱን ነበር። ወጥቼ አየሁ፤ ማገናኛው ደረቅ ነበር፤ ቮልቴጁም ሙሉ ነበር።

ምላሽ 8፣ 9 እና 10

እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ወጣ ብሏል። አንድ የሐይቁ ዳር ነዋሪ፣ በአሞራ ገደል አካባቢ አባ ኮዳዎች ዘንግ ላይ ማረፍ ስለሚወዱ አንቴናውን ሹል ነገር ላይ እንዳደርገው መከሩ፤ የእሳቸው አንቴና በወፉ ክብደት ተጣሞ ያውቃል። ሌላው ከጀርመን የመጣለት በሬዲዮ ራሱን የሚያርም የግድግዳ ሰዓት ሐዋሳ ከገባ ወዲህ አልሠራ ስላለው ምክንያቱን ጠየቀ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ሰዓቱ የሚጠብቀው በ77.5 ኪሎኸርዝ ከጀርመን የሚተላለፍ ምልክት ነው፤ ምልክቱ የሚደርሰው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እኛ ከ5,000 በላይ እንርቃለን። ሰዓቱ አልተበላሸም። 10ኛው ደግሞ የጂፒኤስ መሣሪያቸው ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ቀን እያሳየ መሆኑን ጻፉና፣ የእኔም እንዲህ የሚዋሽ ከሆነ ለምን አምነዋለሁ አሉ። የአዳማው ባለሙያ ቀኑና ፍሪኩዌንሲው የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዱ። ሳተላይቶቹ ሳምንቱን የሚቆጥሩት ከ0 እስከ 1,023 ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሱት መጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። የመሣሪያው ፕሮግራም ዙሩን ካልቆጠረ ቀኑን በ1,024 ሳምንት ይስታል፤ 10 ሜጋኸርዙና የሰከንዱ ምት ግን ልክ ሆነው ይቀጥላሉ።

ምላሽ 11 እና 12

አንድ ጸሐፊ ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው ብለው በእርግጠኝነት ተናገሩ። በአንስታይን ትምህርት መሠረት ከፍ ባለ ቦታ ያለ ሰዓት ይፈጥናል፤ ሐዋሳም ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። የፊዚክስ መምህሩ በ12ኛው ምላሽ ላይ ትዕግሥታቸው ያለቀ ይመስል ነበር። ነገሩ እውነት ቢሆንም መጠኑ ከአሥር ትሪሊዮን 2 እጅ ያህል፣ በቀን 16 ናኖሰከንድ ብቻ መሆኑን፣ ይህም እኔ ካየሁት በአሥር ሺህ ጊዜ ገደማ ማነሱን አሰሉ። ከዚህም በላይ ከተማዋ በአንዳንድ ምሽቶች ብቻ ከፍ ብላ አታውቅም በማለት ቁጥር ሳያሰሉ የሚጻፍ ነገር ሰውን እንደሚያሳስት ገሠጹ። ተግሣጹ ቢከብድም ስሌቱ ትክክል ነው።

ምላሽ 13 እና 14

13ኛው ጸሐፊ መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት አገር ስለ ናኖሰከንድ መጨነቅ ቅንጦት ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም ለሌላ ነገር ቢውል ይሻል ነበር አሉ። እኔ በ14ኛው ላይ መለስኩ፤ አሁንም ከመልሴ አልመለስም። በአንድ ማይክሮሰከንድ ውስጥ ብርሃን 300 ሜትር ይጓዛል፤ በስልካችን ላይ ያለው ካርታ መንገዱን ለይቶ የሚያሳየን ሳተላይቶቹ ከዚያ እጅግ ባነሰ ስሕተት ስለሚጠብቁ ነው። መብራት መጥፋቱ ትክክለኛ ልኬትን አላስፈላጊ አያደርገውም፤ ይበልጥ አስቸጋሪ ያደርገዋል እንጂ። የሬዲዮ ጠጋኙ የሚያስተካክለው ማሠራጫ ከተሰጠው ፍሪኩዌንሲ ወጥቶ የሌላውን መሥመር ቢረብሽ፣ ጉዳቱ እዚሁ እኛ መካከል ነው።

ምላሽ 15

ይህ ምላሽ ከሁሉም ሻካራ ነበር። የጽሑፉ ባለቤት የኃይል ሰጪውን ካፓሲተሮች ሳይለውጥ ያገለገለ መሣሪያ የሚያበራ ሰው ስለ ልኬት የማውራት መብት የለውም በማለት ጀመሩ። ቁጣቸውን ወደ ጎን ስናደርገው የያዘው ምክር ጠቃሚ ነው። በአሮጌ ካውንተሮች የመብራት መግቢያ ላይ የሚገኙት በወረቀት የተሠሩ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ከዘመን ብዛት ይሰነጠቃሉ፤ እርጥበት ይገባባቸዋል፤ አንድ ቀን ክፍሉን በጭስ ይሞላሉ። በፕላስቲክ በተሠሩና ለመብራት መሥመር በተፈቀዱ መተካት አለባቸው። የታንታለም ካፓሲተሮች ደግሞ ድንገት ሾርት ይሆናሉ። እኔ የካውንተሬን የዚያኑ ሳምንት ለወጥኩ፤ አንደኛው በእርግጥ ተሰንጥቆ ነበር። ጂፒኤሱን የሚመግበው ኃይል ሰጪ ግን እኔው ራሴ በባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመርና ቮልቴጁን በ12 ላይ በሚያጸናው በ7812 ሬጉሌተር የሠራሁት ስለሆነ፣ ካፓሲተሩም አዲስ ስለነበር፣ ይህ እኔን አይመለከትም ብዬ አለፍኩ። ኃይል ሰጪውን በዚያው ዕለት ለክቼው ቢሆን ኖሮ ክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ምላሽ 16

የ12 ቀን መዝገቤን አቀረብኩ። ዝላዩ የታየው በማክሰኞ፣ በሐሙስና በቅዳሜ ምሽቶች ብቻ ነው። የሚጀምረው ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከ20 ባለው ጊዜ ነው፤ ንጥርት ቢሆን ኖሮ በ12 ቀን ውስጥ 48 ደቂቃ ያህል መቅደም ነበረበት፤ አልቀደመም። የሳተላይቶቹ ምልክት ጥንካሬ አልተርገበገበም። የክፍሉ ሙቀት ቀስ በቀስ ሲወርድ ዝላዩ ግን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይመጣል። የማረሚያው ቮልቴጅ ሲዘል ቀስ እያለ ከፍ ይልና እዚያ ይቆያል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። የአዳማው ባለሙያ ይህን አይተው፣ አንድ ነገር ክሪስታሉን ይገፋዋል፤ ጂፒኤሱ ቀስ ብሎ ያካክሰዋል፤ ገፊው ሲለቅ ደግሞ ያካካሰው ትርፍ ይሆንና ወደ ሌላኛው ወገን ይንሸራተታል ሲሉ ምልክቱን ተረጎሙት። ገፊው ማን እንደሆነ ግን ማናችንም አላወቅንም።

ምላሽ 17

በሐዋሳ የሕክምና መሣሪያ ጥገና የሚሠሩ አንዲት እኅት አንድ መሥመር ብቻ ጻፉ። በግቢዬ ውስጥ እንጀራ የሚጋገረው በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ ጠየቁኝ።

ምላሽ 18

ጥያቄውን ሳነብ ሰውነቴን አንዳች ነገር ወረረው። የግቢያችን ባለቤት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት፣ ለምግብ ቤቶች እንጀራ ያቀርባሉ፤ በማክሰኞ፣ በሐሙስና በቅዳሜ ምሽት ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ይጥዳሉ። የእንጀራው ሽታ እስከ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ይደርስ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ትኩሱን ልከውልኝ እየበላሁ መዝገቡን ጽፌአለሁ። በቀጣዩ ማክሰኞ መልቲሜትሬን ሰክቼ ጠበቅሁ። ምጣዶቹ ከመጣዳቸው በፊት የመሥመሩ ቮልቴጅ 205 ነበር፤ ሲጣዱ 178 ሆነ፤ የእኔ ኃይል ሰጪም ከ12.0 ቮልት ወደ 10.4 ወረደ። ሞገዱም በዚያው ቅጽበት መንሸራተት ጀመረ። ሩቢዲየሙ ያልተነካው ከ100 እስከ 240 ቮልት በሚቀበል ኃይል ሰጪ ስለሚሠራ ነው።

ምላሽ 19

የአዳማው ባለሙያ ስሌቱን ዘረዘሩ። ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር 178 ሲገባለት የሚያወጣው 9.7 ቮልት ነው፤ ጫፉ 13.7 ይሆናል፤ ዳዮዶቹ 1.4 ሲወስዱ 12.3 ይቀራል፤ በዚያ ላይ በግማሽ አምፔር ጭነት ካፓሲተሩ በየሞገዱ መካከል አንድ ቮልት ያህል ይወርዳል። 7812 ደግሞ 12 ቮልት ለማውጣት 14 ያህል መግባት አለበት። በ220 ቮልት እንኳ የሚተርፈው ከአንድ ቮልት ያነሰ ስለነበር ንድፉ ከመጀመሪያው ጠርዝ ላይ የቆመ ነበር፤ ይህንም በግልጽ ነገሩኝ፤ ትክክልም ነበሩ።

ምላሽ 20 እና 21

ከዚህ በኋላ የመፍትሔ ክርክር ተነሣ። አንዱ ስታቢላይዘር ግዛ አለ፤ ሌላው በሪሌ የሚሠራ ስታቢላይዘር ደረጃ በለወጠ ቁጥር ቮልቴጁን ስለሚያዘልለው ለእንዲህ ያለ መሣሪያ አይሆንም ብሎ ተቃወመ፤ ጥቂት ቃላትም ተወራወሩ። እኔ የተቀበልኩት ሁለት ነገር ነው። ትራንስፎርመሩን በባለ 15 ቮልት መተካት፤ በ178 ቮልትም ቢሆን ለሬጉሌተሩ 14.8 ያህል ይደርሰዋል፤ መሥመሩ 240 በሚደርስበት ሌሊት ደግሞ ሬጉሌተሩ 5 ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚያወጣ ሰፊ የሙቀት ማስወገጃ ብረት ያስፈልገዋል። ቀጥሎ በተከታታይ የታሰሩ ሁለት ባትሪዎች፤ አንድ ባትሪ ብቻ ለሬጉሌተሩ የሚበቃ ትርፍ የለውም። ባትሪው የሚያስፈልገው መብራት ሲሄድ መሣሪያው እንዳይጠፋ ነው፤ ጠፍቶ የቀዘቀዘ ክሪስታል እንደገና ሲሞቅ በትክክል ወደ ነበረበት ፍሪኩዌንሲ አይመለስም፤ ለመረጋጋትም ቀናት ሊወስድበት ይችላል።

ምላሽ 22

አንድ ሰው እማማ የሚጋግሩበትን ሰዓት እንዲለውጡ ንገራቸው አሉ። የሕክምና መሣሪያ ጠጋኟ የመለሱላቸው መልስ ቁጣ ነበረበት፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። እያንዳንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ከሆነ በ178 ቮልት ሁለቱ ወደ 26 አምፔር ይስባሉ፤ 27 ቮልት በመንገድ ላይ ጠፋ ማለት ወደ 700 ዋት የሚሆን ኃይል በሽቦውና በማገናኛዎቹ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጧል ማለት ነው። ይህ ሙቀት በአንድ የላላ ማገናኛ ላይ ከተከማቸ ግቢው ይቃጠላል። ስለ ናኖሰከንድ ስንከራከር ሰዎች የሚተኙበት ቤት መሥመር እየጋለ መሆኑን ሳናስብ መቅረታችንን አምርረው ጻፉ። በማግስቱ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን አስመጣን። በማከፋፈያ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የኒውትራል ማገናኛ ጠቁሮ፣ የሽቦው ፕላስቲክም ቀልጦ ተገኘ። ማገናኛው ተለወጠ፤ ወደ ምጣዶቹ የሚሄደውም ሽቦ በወፍራም ተተካ፤ ወጪውን ከእማማ ጋር ተካፈልን።

ምላሽ 23

የመጨረሻው የእኔ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱም ምጣዶች ተጥደው መሥመሩ 192 ቮልት ነበር፤ የጂፒኤሱ ኃይል ሰጪ ከ12.0 አልተነቃነቀም። ሞገዱ አንድ ዑደት ለመንሸራተት ከ10,000 ሰከንድ በላይ ወሰደ፤ ይህም ከመቶ ቢሊዮን አንድ እጅ ያነሰ ልዩነት ነው። የኦሲሌተሩ ማኅተም እንደተዘጋ ነው። የምጣድ ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ስለሚሄድ፣ ቀድሞ ከሙሉ ኃይሉ 65 በመቶ ያህል ብቻ ይሰጥ የነበረው ምጣድ አሁን 76 በመቶ ይሰጣል። እማማ በዚያ ምሽት ጋግረው የጨረሱት ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ነው፤ የእንጀራው ዓይንም እንደተሻሻለ ነግረውኛል።